ዘፈቀደ ወይስ ዕጣ? በዕድል ስለሚወሰኑ ቅርጾች ሒሳብና ስለ ማስተማሪያው መንገድ የቀረበ ሒስ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ራሳቸውን ችለው ከቆሙት የሒሳብ ዘርፎች መካከል በዕድል የሚወሰኑ ተቆጣሪ ቅርጾችን የሚያጠናው ክፍል አንዱ ነው። ተቆጣሪ ቅርጽ የሚባለው ክፍሎቹ አንድ፣ ሁለት ተብለው ሊቆጠሩ የሚችሉ አቋም ሲሆን፣ የሰዎች ሰልፍ፣ የመንገዶች መረብ፣ የትውውቅ ሐረግ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። የጥናቱ ጥያቄ አጭር ነው። ይኸውም አንድን ቅርጽ ሰው አስቦበት ሳይሆን ዕጣ ቢሠራው ቅርጹ ምን ዓይነት ጠባይ ይኖረዋል የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች በዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ ከፍተኛ ግምት አግኝተዋል፤ ወደ መምህራን ማሠልጠኛና ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ግን እምብዛም አልወረዱም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘርፉን ማሞገስ ብቻ አይደለም። ጥናቱ የሚሰጠው ምንድን ነው? የማይሰጠውስ? ከዚህስ ውስጥ የትኛው ለክፍል ትምህርት ይበጃል? የሚሉትን ለመመርመር ነው። ለመመዘኛም በሀዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ከተማ በሆነችው በጊምቢቹ የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር ይታሰባል። በእጁ ያለው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ወረቀት ነው፤ በፊቱ ያሉት ስድሳ ተማሪዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሊቆም የማይችል አቀራረብ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ብዙ ትምህርት ቤቶችም አይቆምም።

ስለ ስያሜው

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። የዘርፉን ዋና ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የተለመደው «ዘፈቀደ» ማለት ነው። ቃሉ የግእዝ ሲሆን «የፈቀደውን፣ የወደደውን» ማለት ነው። በዕለት ንግግር ደግሞ «በዘፈቀደ ሠራ» ሲባል ያለ ደንብ፣ ያለ ጥንቃቄ፣ እንደ መጣለት አደረገ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ ከሁለት በኩል ያሳስታል ማለት ነው። በአንድ በኩል የአንድን ሰው ፈቃድ ያመለክታል፤ የሒሳቡ ጥናት ግን የማንም ፈቃድ እንዳይገባ የሚጠነቀቅ ነው። በሌላ በኩል ሥርዓት አልባነትን ያመለክታል፤ የጥናቱ ትልቁ ግኝት ግን በዕድል የተሠራ ነገር የራሱ ጥብቅ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው።

ከዚህ ይልቅ «ዕጣ» የሚለው ቃል የተሻለ ነው። ዕጣ ሲጣል ሁሉም እኩል እንደሚቆጠር፣ የወጣውንም ሁሉም እንደሚቀበል ማንም ያውቃል። ማትያስ በይሁዳ ምትክ ለሐዋርያነት የተመረጠው በዕጣ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ፣ በዕቁብ ዕጣ የደረሳቸውን ወላጆቹን ያየ ተማሪ፣ ቃሉን ከነሕጉ ይዞት ወደ ክፍል ይገባል። በሀዲያ ዞን አንድ ልጅ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ቁጥርን በሀዲይኛ ይጀምራል፤ አማርኛን እንደ ትምህርት ይማራል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይማራል። በሦስት ቋንቋ ለሚያልፍ ተማሪ ስያሜው ከሚያውቀው ድርጊት ጋር ካልተያያዘ ጽንሰ ሐሳቡ በአየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ዕጣዊ ቅርጽ» የሚለው ስያሜ ተመርጧል።

የዕቁብ ዕጣ እንደ ሒሳብ ጥያቄ

በ2002 ዓ.ም. በታተሙት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ፕሮባብሊቲ በ9ኛ ክፍል ተጀምሮ በ11ኛ ክፍል ከፐርሙቴሽንና ከኮምቢኔሽን ጋር ይስፋፋ ነበር። ይህ ርእስ በክፍል ውስጥ ሲቀርብ የሚዘወተሩት ምሳሌዎች ሳንቲም፣ ዳይስና የካርታ ጨዋታ ናቸው። ምሳሌዎቹ ስሕተት የለባቸውም፤ ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለባቸው። አንደኛ፣ የሚያሳዩት አንድን ነጠላ ውጤት እንጂ ከብዙ ክፍሎች የተዋቀረ ቅርጽ አይደለም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በማንም ኑሮ ላይ ለውጥ ስለማያመጣ ተማሪው ዕጣው ትክክል ነበር ወይ ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት አያገኝም።

ዕቁብ ሁለቱንም ጉድለት ይሞላል። 12 መምህራን ዕቁብ ቢገቡ ተራቸው ሊወጣ የሚችልባቸው መንገዶች 479,001,600 ናቸው። ዕጣው በየጊዜው ካልደረሳቸው መካከል ሲወጣ ከእነዚህ ሰልፎች አንዱ በእኩል ዕድል ይመረጣል፤ ይህ ራሱ ሙሉ ዕጣዊ ቅርጽ ነው። ብዙ ሰዎች መጀመሪያ በሚወጣው ዕጣ ላይ ያለው ዕድል አነስተኛ፣ ወደ መጨረሻው ያለው ግን ከፍተኛ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አንድ አባል በሦስተኛው ተራ የሚደርሰው መጀመሪያ በሁለቱ ሳይወጣ ቀርቶ ነውና ስሌቱ 11/12 ሲባዛ በ10/11 ሲባዛ በ1/10 ይሆናል፤ ውጤቱም 1/12 ነው። ለየትኛውም ተራ መልሱ ይኸው ነው። ይህን አንድ ስሌት በትክክል የተረዳ ተማሪ ስለ ሁኔታዊ ዕድል ብዙ ቀመር ከሸመደደ ተማሪ የበለጠ ያውቃል።

ጠለቅ ያለው ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል። እነዚሁ 12 ሰዎች በሁለት ዕቁብ ውስጥ ቢሆኑ፣ ቢያንስ አንድ ሰው በሁለቱም ዕቁብ በተመሳሳይ ተራ የሚደርሰው የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ይህ ጥያቄ ፈረንሳዊው ሞንሞር እ.ኤ.አ. በ1708 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በካርታ ጨዋታ መልክ ያነሣው ነው። መልሱ ከመቶ 63 ያህል ነው። የሚያስደንቀው የአባላቱ ቁጥር ቢጨምር መልሱ አለመለወጡ ነው። ለ4 አባላት ከ24 ሰልፎች 15ቱ፣ ለ5 አባላት ከ120 ሰልፎች 76ቱ ቢያንስ አንድ መገጣጠም አላቸው፤ ይኸውም ከመቶ 62.5 እና 63.3 ነው። ለ12ም ሆነ ለ100 አባላት ከ63.2 የሚርቅ አይደለም። በአማካይ የሚገጣጠሙት ሰዎች ቁጥርም አባላቱ ስንትም ቢሆኑ ምንጊዜም አንድ ነው።

ለጊምቢቹው ክፍል ይህ የሚሠራ ሙከራ ነው። ስድሳው ተማሪዎች በአምስት በአምስት ተከፍለው 12 ቡድን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ተማሪ በመቀመጫው ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 5 ቁጥር ይይዛል፤ ከዚያም ቁጥር የተጻፈባቸው አምስት ወረቀቶች ተጠቅልለው በዕጣ ይወጣሉ። ቡድኑ ይህን ዐሥር ጊዜ ቢደጋግም ክፍሉ በጠቅላላው 120 ሙከራ ይኖረዋል። መገጣጠም የታየባቸው ሙከራዎች 76 አካባቢ ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ከ65 እስከ 87 ቢወድቁም አያስደንቅም። ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ከራቀ ወረቀቶቹ በሚገባ አልተቀላቀሉም ወይም አንድ ሰው እጁን አስገብቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ተማሪው እዚህ ላይ ቀመሩን የሚጠቀምበት ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለምርመራ ነው።

ስለ መረብና ስለ ደፉ

የዘርፉ ስመ ጥር ሥራ የሁለቱ የሃንጋሪ ሊቃውንት፣ የፖል ኤርዶሽና የአልፍሬድ ሬኒ፣ ነው። እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ነጥቦችን በዕጣ በተመረጡ መሥመሮች እያገናኙ መረቡ እንዴት እንደሚያድግ አጠኑ። በዚያው በ1959 አሜሪካዊው ኤድጋር ጊልበርት ተመሳሳይ ሐሳብ ለብቻው አቅርቧል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት 40 መንደሮች በነጥብ ይወከሉ። ሊኖሩ የሚችሉት ጥንዶች 780 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ መንገድ የሚሠራበትን ጥንድ ዕጣ ብቻ ቢመርጠው፣ መንገዶቹ ከ20 በታች ሳሉ መረቡ የተበታተኑ ትንንሽ ቁርጥራጮች ስብስብ ይሆናል። ከ20 ሲያልፉ ግን አንድ ትልቅ ክፍል በድንገት ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ሌሎቹንም እየዋጠ ያድጋል። መረቡ ሙሉ በሙሉ ይያያዛል ተብሎ ተስፋ የሚደረገው ግን መንገዶቹ 72 አካባቢ ሲደርሱ ነው፤ እዚያም ላይ እንኳ የመያያዙ ዕድል ከግማሽ በታች ነው። ከመቶ 95 በላይ ለማድረስ ወደ 130 መንገዶች ያስፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን የለውጥ ድንበር «ደፍ» ብሎ መጥራት ይቻላል፤ የቤት ደፍን የረገጠ ሰው በአንድ እርምጃ ከውጪ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ መረቡም ባሕርዩን የሚለውጠው በጠባብ ወሰን ውስጥ ነውና።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ግኝትም አለ። መንገዶቹ አንድ በአንድ በዕጣ ሲጨመሩ ትልልቅ መረቦች የሚያያዙት፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ፣ ምንም መንገድ ያልደረሰው የመጨረሻው ነጠላ ነጥብ መንገድ ባገኘበት ቅጽበት ነው። ማለትም ሁለት ትልልቅ ወገኖች ተለያይተው መቅረታቸው መሰናክል አይሆንም፤ መሰናክሉ ብቻውን የቀረ አንድ ነጥብ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ከፍተኛ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ለመረዳት ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጥቦች አድርጎ በዕጣ ማገናኘት ይበቃል።

እዚህ ላይ ሒሱ ይጀምራል። ንድፈ ሐሳቡ ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ያስባል። አንደኛው ማንኛውም ጥንድ እኩል ዕድል አለው የሚል ነው። ሁለተኛው አንዱ ጥንድ መገናኘቱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም የሚል ነው። ሁለቱም በእውነተኛ አገር ላይ አይሠሩም። ከጊምቢቹ ወደ ምዕራብ ሲኬድ አገሩ ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ በገደል የተለያዩ ሁለት መንደሮችና በሜዳ ላይ የተጎራበቱ ሁለት መንደሮች በመንገድ የመገናኘት ዕድላቸው አንድ ነው ሊባል አይችልም። የሰዎች ትውውቅም እንዲሁ ነው። የጋራ ወዳጅ ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ዕድር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ ሰርግ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ የመተዋወቅ ዕድላቸው ከማይተዋወቁት ይበልጣል። ዘርፉ ራሱ ይህን ጉድለት አውቆ ለማረም ሞክሯል። ዋትስና ስትሮጋትስ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ባራባሲና አልበርት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቧቸው መረቦች ለእውነተኛው ኑሮ ቀረብ እንዲሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ታዲያ የቀደመው ንድፈ ሐሳብ ጥቅም የለውምን? አለው፤ ጥቅሙ ግን መለኪያ መሆኑ ላይ ነው። 40 መንደሮችን በዕቅድ ለማገናኘት 39 መንገዶች ይበቃሉ። በዕጣ ለማገናኘት 72 ወይም 130 ያስፈልጋሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የዕቅድ ዋጋ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ሲያሰላ የአገሩን መንገዶች ካርታ በአዲስ ዓይን ያየዋል፤ ዕጣዊው መረብ የአገሩ ሥዕል እንዳልሆነ ግን መምህሩ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ይህ ማሳሰቢያ ያልተጨመረበት ትምህርት ውብ ቀመርን ከእውነት ጋር እንዲያምታታ ያደርገዋል።

መኖሩን ማወቅና ማግኘት

የዘርፉ ሁለተኛ ታላቅ ሐሳብ ከመጀመሪያው የቀደመ ነው። ኤርዶሽ እ.ኤ.አ. በ1947 አንድ ነገር መኖሩን ለማረጋገጥ ዕጣን ተጠቀመ። ሐሳቡ በ11ኛ ክፍል ዕውቀት ሊቀርብ ይችላል። 11 ሰዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ይተዋወቃል ወይም አይተዋወቅም። አምስቱም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት ወይም አምስቱም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁበት ቡድን እንዳይኖር አድርጎ ትውውቁን መደልደል ይቻላልን?

ለእያንዳንዱ ጥንድ ሳንቲም ይጣል። ከ11 ሰዎች የሚወጡት አምስት አምስት ሰው ያላቸው ቡድኖች 462 ናቸው። በአንድ ቡድን ውስጥ 10 ጥንዶች ስላሉ ሁሉም አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው 2/1024፣ ማለትም 1/512 ነው። ስለዚህ የማይፈለጉት ቡድኖች ቁጥር በአማካይ 462/512፣ ከአንድ ያነሰ ነው። አማካዩ ከአንድ ካነሰ ደግሞ ቁጥሩ ዜሮ የሆነበት ድልድል ቢያንስ አንድ መኖር አለበት፤ የቡድን ቁጥር ግማሽ ሊሆን አይችልምና። ማረጋገጫው እዚህ ላይ ያበቃል። ከፐርሙቴሽን፣ ከኮምቢኔሽንና ከአማካይ ሌላ ምንም አልተጠየቀም።

የዚህ መንገድ ጥንካሬና ድክመት ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ማረጋገጫው ድልድሉ መኖሩን ይናገራል እንጂ ድልድሉን አያሳይም። አንድ ዕቃ በገበያ ውስጥ እንዳለ በእርግጥ ተነግሮት በየትኛው ተራ እንደሚሸጥ ያልተነገረውን ገዢ ይመስላል። ከዚህም በላይ የሚሰጠው ወሰን ደካማ ነው። በዚህ ስሌት 12 ሰዎች ሲሆኑ ቡድኖቹ 792 ይደርሱና ማረጋገጫው ይቆማል፤ ነገር ግን በሌላ ዘዴ ለ42 ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ ድልድል መኖሩ ታውቋል። በ11 እና በ42 መካከል ያለውን ክፍተት ማስተማር ማረጋገጫውን ከማስተማር ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ተማሪው አንድ ትክክለኛ ማረጋገጫ የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነ የሚማርበት ነውና። መቼ ፈጽሞ እንደማይቻል የሚወስነው ትክክለኛ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ በእርግጥ አለመታወቁም ለወጣቶች ሒሳብ ያለቀ መጽሐፍ አለመሆኑን ይነግራቸዋል።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ማን ነው?

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ነገር ያልታየ ያስመስላል፤ ይኸውም ዕጣ ውስጥ የሚገቡት ስሞች ከየት መጡ የሚለው ነው። የምርምር ጽሑፎች «n ነጥቦች ይሰጡ» ብለው ይጀምራሉ። ነጥቦቹን ማን እንደሰጠ አይጠይቁም፤ ለሒሳቡም አስፈላጊ አይደለም። በኅብረተሰብ ውስጥ ግን ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በኮምፒውተር የታገዘ ዕጣ ወጥቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የከተማው አስተዳደር ተገቢውን ቁጠባ ያላሟሉ ሰዎች በዕጣው መረጃ ውስጥ ገብተው መገኘታቸውን ገልጾ ዕጣውን ሰረዘ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ። በዚህ ጉዳይ መሠረታዊው ትምህርት የሚከተለው ነው። ኮምፒውተሩ በሳጥኑ ውስጥ ካሉት ስሞች መካከል ፍጹም እኩል በሆነ ዕድል ቢመርጥ እንኳ፣ ሳጥኑ ውስጥ መግባት የማይገባው ስም ካለ ውጤቱ ፍትሐዊ አይሆንም። የማይገባቸው ሰዎች ቁጥር ከሚገባቸው ጋር እኩል ቢሆን እያንዳንዱ ባለ መብት ያለው ዕድል በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህንንም ከዕጣው ውጤት ብቻ በመነሣት ማወቅ አይቻልም። ዓመታት የቆጠበ ሰው ያጣው ነገር በፕሮባብሊቲ ቀመር ውስጥ በአካፋዩ ቁጥር ላይ ተሰውሮ ይቀራል።

በተለመደው የክፍል ትምህርት «የሚፈለጉት ውጤቶች ሲካፈሉ ለጠቅላላ ውጤቶች» የሚለው ቀመር ሲሰጥ ትኩረት የሚደረገው በላይኛው ቁጥር ላይ ነው። የታችኛው ቁጥር የተሰጠ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ዳይስ ስድስት ገጽ አለው፣ ሳንቲም ሁለት ገጽ አለው ይባልና ይታለፋል። የ2014ቱ ዕጣ የሚያሳየው ግን ፍትሕ የሚጠበቀውም የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ በታችኛው ቁጥር ላይ መሆኑን ነው። የዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ወረቀቶቹን በአባላት ፊት ቆጥረው የሚጠቀልሉት ይህንን ስለሚያውቁ ነው። መጽሐፉ ያልጻፈውን ይህን ጥንቃቄ ተማሪው ከቤቱ ያውቀዋል፤ የሚጎድለው ልማዱንና ቀመሩን የሚያያይዝለት መምህር ነው።

ዕቁብ ሌላም ነገር ያስተምራል። ሰርግ ወይም ሕመም የደረሰበት አባል ዕጣው ለወጣለት ሰው አመልክቶ ተራ ሊለዋወጥ ይችላል። በዚህን ጊዜ ሰልፉ የዕጣ መሆኑ ይቀራል፤ አባላቱ ግን በደል ተፈጸመ አይሉም። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ፣ በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ እንዳበደረ ይቆጠራልና የዕድል እኩልነት የጥቅም እኩልነት ማለት አለመሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። የሒሳቡ ጥናት የመጀመሪያውን እኩልነት በትክክል ይለካል፤ ስለ ሁለተኛው የሚናገረው የለም። ሊናገርም አይጠበቅበትም፤ መምህሩ ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት።

ለመምህራን ሥልጠና የሚተርፈው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ አዲስ የትምህርት ዓይነት ይጨመር የሚል አይደለም። የሥልጠና መርሐ ግብሮች ከሚችሉት በላይ ተጭነዋል። የተፈለገው አሁን ያለው የፕሮባብሊቲ ርእስ ከነጠላ ውጤት ወደ ቅርጽ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ነው። ለዚህም ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ለዕቁብ ሰልፍ፣ አንዱ ለመንደሮች መረብ፣ አንዱ ለ11ዱ ሰዎች ማረጋገጫ። ሦስቱም ኮምፒውተር አይጠይቁም። የመጀመሪያው በሙከራ፣ ሁለተኛው በሥዕል፣ ሦስተኛው በማመዛዘን ላይ ስለሚመሠረቱ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ላይ የለመደውን ተማሪ ያነቃሉ።

ሠልጣኙ መምህር በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠይቅ መሠልጠን ይኖርበታል። በዕጣው ውስጥ የገቡት እነማን ናቸው? ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው ያሰኘው ምንድን ነው? ውጤቱ ከተጠበቀው ቢርቅ ምን ይመረመራል? እነዚህ ጥያቄዎች በፈተና ወረቀት ላይ በአራት አማራጭ ለማቅረብ አይመቹም፤ ርእሱ በየትምህርት ቤቱ ተዘልሎ የሚታለፍበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምዘናው መንገድ ካልተሻሻለ ከላይ የተባለው ሁሉ መልካም ምኞት ሆኖ የሚቀርበት አደጋ አለ፤ ቢያንስ ከጠቅላላው ውጤት ጥቂቱ ክፍል በቡድን ለተሠራ ሙከራና ለጽሑፍ ዘገባው እንዲሰጥ ማድረግ ግን በአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል አቅም ሊፈጸም የሚችል ነው።

ከጊምቢቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ የሚወጣ ወጣት ከሚገጥሙት ዕጣዎች ብዙዎቹ በማያየው ኮምፒውተር ውስጥ የሚወጡ ይሆናሉ። የቤት፣ የመሥሪያ ቦታ ወይም የሥራ ምደባ በዚህ መንገድ ሲወሰን ውጤቱን በእምነት ብቻ ከመቀበልና በጥርጣሬ ብቻ ከመጣል ሌላ ሦስተኛ መንገድ እንዲኖረው የሚያስችለው ይህ ትምህርት ነው። ኤርዶሽና ሬኒ የሠሩት ሒሳብ ለዚህ ታስቦ አልተሠራም፤ በሦስት ክፍለ ጊዜ ተመጥኖ ሲቀርብ ግን ለዚህ ያገለግላል።